ሒሳቡ የት ላይ ተሳሳተ? «ሠራተኛ ሰው ኮድ ልማር ብሎ ጊዜውን አያባክን» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን ስቶር ኪፐር አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩ «አየሽ? እኔ ተውኩት» ብላለች። ከሁለት ወር በፊት ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መማር ጀምራ ነበር፤ ያስጀመርኳትም እኔ ነኝ። በዚያው ቀን ሌሎች ሦስት ሰዎችም ይህንኑ ጽሑፍ ላኩልኝ። መልእክቱ አጭር ነው፦ ደመወዝ እየበላ፣ ቤተሰብ እያስተዳደረ የሚኖር ሰው ኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ፣ ልማር ብሎ አይድከም።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው በሙያው የቆዩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ የተነሡትም በቅንነት ነው። ለአጭር ሥልጠና ገንዘብ ከፍለው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰዎች ጉዳይ አንገብግቧቸዋል። እኔንም ያንገበግበኛል። መደምደሚያቸው ግን ስህተት ነው፤ ሰዎች ደግሞ እሱን አንብበው የጀመሩትን እየተዉ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም። አሥራ ሰባት ዓመት የሠራሁ የሒሳብ ባለሙያ (አካውንታንት) ነኝ፤ ዕድሜዬ 43፣ የሁለት ልጆች እናት። የምመልሰውም ከዚሁ ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

በቅድሚያ እሳቸው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ፕሮግራሚንግ በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ሠራተኛ ሰው ይህ ጊዜ የለውም፣ ቢኖረውም ደክሞታል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሠላሳ አምስትን ያለፈ አእምሮ እንዲህ ያለ አዲስ ነገር አይቀበልም። ሦስተኛ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ያልጠነከረለት ሰው ከበር ይመለሳል፤ የመብራቱና የኢንተርኔቱ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። አራተኛ፣ ኮዱን አሁን እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚጽፈው ትምህርቱ ከንቱ ሆኗል። አምስተኛ፣ በዚህ ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ያለ ዲግሪና ያለ ልምድ የሚቀጥረው የለም።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ የቀሩት አብዛኞቹ የቆሙት በእሱ ላይ ነውና።

በቀን አራት ሰዓት ለሁለት ዓመት ማለት 2,920 ሰዓት ነው። ይህ ቁጥር ለምን የሚያበቃ ነው? የሶፍትዌር ድርጅት ገብቶ በሙሉ ሰዓት ለመቀጠር ከሆነ አልከራከርም፤ እንዲያውም ሊያንስ ይችላል። ነገር ግን ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት ኮድ የሚማር ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን ለቆ ሊወጣ ያሰበ ሰው ሆኖ ነው የተሣለው። ሥራውን ወዶ፣ በዚያው ሥራ ላይ የሚያንገላታውን ነገር ሊያቃልል የሚማር ሰው በጽሑፉ ውስጥ የለም። የሒሳቡ ስህተት እዚህ ላይ ነው። መኪና መንዳት ሊማር የመጣን ሰው በመካኒክ መመዘኛ ፈትኖ «አትችልም» እንደማለት ነው።

የእኔን ልቁጠር። የተማርኩት ጠዋት ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ልጆቹ ሳይነሡ፣ ሰርቪሱ ሳይመጣ። ማታ ሞክሬው አልሆነልኝም፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ስለ ድካም ያሉት እውነት ነው። ከእራት በኋላ የከፈትኩት ላፕቶፕ አንድም ቀን አልጠቀመኝም። 45 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ 40 ሳምንት፦ 150 ሰዓት። አርባው ሳምንት ተከታታይ አልነበረም፤ ሰኔና ሐምሌ ሒሳብ የምንዘጋበት ወቅት ስለሆነ ላፕቶፑን ሳልነካ የቀረሁባቸው ሳምንታት አሉ፣ ልጅ የታመመባቸውም አሉ። በአጠቃላይ አሥራ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። እንግዲህ 150 ሰዓት ጸሐፊው ከጠየቁት ሰዓት አንድ ሃያኛውን ጥቂት ቢበልጥ ነው።

በዚህ ሰዓት ምን ተገኘ? በየወሩ መጨረሻ የባንክ ስቴትመንትና የኛን ሌጀር (የሒሳብ መዝገብ) ማስታረቅ ሁለት ቀን ተኩል ይወስድብኝ ነበር። በማስመሪያ እየተከተልኩ፣ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረግኩ። አሁን የጻፍኩት ፕሮግራም ሁለቱን ፋይሎች ከፍቶ በገንዘቡ መጠን፣ በሪፈረንስ ቁጥሩና በቀኑ ያዛምዳቸዋል። ቼክ ከተጻፈበት ቀን ዘግይቶ ስለሚመነዘር በቀኑ ላይ የተወሰነ ልዩነት ፈቅጄለታለሁ። ያልተዛመዱትን ለብቻ ያወጣልኛል፤ እነሱን በዓይኔ አያለሁ። ሥራው አንድ ጠዋት ሆኗል።

ወደዚህ የደረስኩት ግን በቀጥታ አይደለም፤ ጸሐፊው ስለ ሥልጠና ማዕከላት ያነሡትን ነጥብ የማከብረውም ለዚህ ነው። ከዓመታት በፊት ከፍዬ የገባሁበት አንድ ማዕከል ነበር። «በሦስት ወር ፕሮግራመር» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ። የድረ ገጽ ቀለም መቀየር፣ ቁልፍ መደርደር ተማርን፤ በስድስተኛው ሳምንት ተውኩት። ያኔ «ጭንቅላቴ አልቀበል አለኝ» ብዬ ደመደምኩ። ዛሬ ሳስበው የጎደለው የምፈታው ችግር ነበር። የምማርባቸው ምሳሌዎች አንዳቸውም የእኔ አልነበሩም፤ ወደ ቢሮ ስመለስ የሚጠራኝ ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ሙከራዬ የባንክ ማስታረቂያውን ይዤ ስለተነሣሁ መጀመሪያ ፋይል መክፈት፣ ከዚያ ዓምድ ማንበብ፣ ከዚያ ማነጻጸር እያልኩ የሚቀጥለውን ትምህርት የሚወስነው ሥራው ራሱ ሆነ። የጻፍኩት የመጀመሪያ ፕሮግራም የከሸፈው ባንኩ በሚልከው ፋይል ውስጥ «12,500.00» ተብሎ የተጻፈው ገንዘብ በውስጡ ባለው ነጠላ ሠረዝ ምክንያት ለኮምፒውተሩ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ስለነበር ነው። ይህን ለማወቅ አራት ጠዋት ፈጅቶብኛል። አራቱም ጠዋት ሰርቪስ ላይ ተቀምጬ ሳስበው ነበር፤ ያ በ150 ሰዓቱ ውስጥ አልተቆጠረም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ተማሪው የሌለው ነገር አለው፤ የሚማርበት ጉዳይ ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ሥር ነው።

ስለ ዕድሜ ብዙ አልልም። ጃፓናዊቷ ማሳኮ ዋካሚያ እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱ፣ ባንክ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። በ2017 ለአረጋውያን የሚሆን የአይፎን ጨዋታ ሠርተው ሲያወጡ 81 ዓመታቸው ነበር። «እሳቸው ልዩ ናቸው» ከተባለ እሺ፤ ጽሑፉ ግን ያለው «ያስቸግራል» ብቻ አይደለም፣ «አይሆንም» ነው፤ አይሆንም ለተባለ ነገር አንድ ማስረጃ ይበቃል። ከሃያ ዓመት ወጣት ይልቅ እኔ ደጋግሜ ማንበብ እንደሚያስፈልገኝ አልክድም። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ካልጻፍኩት አይያዘኝም።

ዕድሜ የሚወስደው እንዳለ ሁሉ የሚሰጠውም አለ፤ ጽሑፉ ይህን ጨርሶ አላየውም። 0.1 እና 0.2 ደምር ብትሉት ፓይተን የሚመልስላችሁ 0.30000000000000004 ነው። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚይዘው በ0 እና በ1 ስለሆነ አንዳንድ ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች ልክ በልካቸው መያዝ አይችልም። አንድ ወጣት የኮምፒውተር ምሩቅ ይህን አይቶ «ምንም አይደለም፣ ኢምንት ነው» አለኝ። እኔ ግን የአንድ ሳንቲም ልዩነት ፍለጋ ሌሊት ያደርኩባቸውን ዓመታት አውቃለሁ። ፈልጌ ፈልጌ ፓይተን ውስጥ ለገንዘብ ስሌት የሚሆን «ዴሲማል» የሚባል መሣሪያ እንዳለ አገኘሁ፤ ፕሮግራሜ ዛሬም የሚሠራው በእሱ ነው። ይህን እንድፈልግ ያደረጉኝ የሠራሁባቸው አሥራ ሰባት ዓመታት ናቸው።

ወደ እንግሊዝኛው እንምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከሌላው ሁሉ ይልቅ እውነት አላቸው። የተጻፈው መማሪያ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ስህተት ሲያገኝ የሚናገረውም በእንግሊዝኛ ነው። ይህ እውነተኛ ግድግዳ ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ ደኅና መማሪያ እንደሚያስፈልገን በዚህ አጋጣሚ መናገር እወዳለሁ። የግድግዳው ቁመት ግን ጽሑፉ እንዳለው አይደለም። ፓይተን ራሱ ያስቀመጣቸው ቁልፍ ቃላት 35 ገደማ ናቸው፤ በየቀኑ የሚያስፈልጉት ደግሞ የዚህ ግማሽ አይሞሉም። የስህተት መልእክት ሲመጣም ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም፤ ዋናው ነገር ያለው በመጨረሻው መስመር ነው። ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ሁለት ወር ድንጋጤ ይቀርልኝ ነበር።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ፓይተን ከሦስተኛው ዕትም ጀምሮ ለምናሰላቸው ነገሮች የምንሰጣቸውን ስሞች በፊደላችን መጻፍ ይፈቅዳል።

ደመወዝ = 12000
ግብር = ደመወዝ * 0.30 - 1350

ይህ እንዳለ ይሠራል፤ የ12,000 ብር ደመወዝን ግብር ያሰላል (ኮከቧ የማባዛት ምልክት ናት)። ከሌሎች ጋር በጋራ ለሚጻፍ ሥራ አልመክረውም፤ ለሚለማመድ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስቶር ኪፐራችን ይህን ያየች ዕለት ፊቷ እንዴት እንደበራ አልረሳውም።

ቋንቋችንን ማወቅ ራሱ ዕውቀት የሚሆንበት ጊዜም አለ። የደንበኞቻችን ስም በአማርኛ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ፀሀይ»። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ፣ እስከ ሰባቱ ቤታቸው የሚመልስ ትንሽ ሰንጠረዥ ጻፍኩ፤ ከማይዛመዱት ስሞች አብዛኞቹ በዚያው ተዛመዱ። የትኛውም የእንግሊዝኛ መማሪያ ይህን አላስተማረኝም።

ሒሳብን በተመለከተ፣ ለሥዕላዊ ጨዋታ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠራ ሰው ከባድ ሒሳብ ያስፈልጋል። ለእኔ ሥራ ያስፈለገው አራቱ መደብና ፐርሰንት ነው። የመብራቱንም ነገር በአጭሩ፦ ዳታ የሚበላው ቪዲዮ ነው፤ ጽሑፍ ብዙም አይበላም። ፓይተን አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ መመሪያው ወርዶ ይቀመጣል፣ ላፕቶፕ ለሌለውም አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ፓይድሮይድ የሚባል መተግበሪያ አለ። ያስቸግራል? አዎ። መብራት በጠፋባቸው ጠዋቶች ኮዴን በወረቀት አትሜ በእስክሪብቶ አርሜያለሁ።

አሁን አራተኛው፤ በጣም የተሠራጨውና ሰው በቀላሉ የሚቀበለው ክርክር። «ቻትጂፒቲ ይጽፈዋል፣ አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ?» እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ብዙ አግዞኛል፣ ጀማሪ ፕሮግራመሮች ይሠሩት የነበረውን ከፊሉን እንደወሰደም አምናለሁ። ግን አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ደረሰኞቻችን በኢትዮጵያ ቀን፣ የውጭ አቅራቢዎቻችን ሰነድ ደግሞ በፈረንጅ ቀን ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚመልስ ኮድ እንዲጽፍልኝ ጠየቅኩት፤ በአንድ ደቂቃ ጻፈው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት የሰባት፣ ከዚያ በኋላ የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳለ ያውቃል። ጥቂት ቀኖች ሞከርኩ፣ ሁሉም ልክ። ኮድ ማንበብ የማልችል ብሆን ኖሮ እዚያው አመስግኜ እወስደው ነበር። ስገባበት ግን መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ ተነሥቷል። አይደለም። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ በ2015 ዓ.ም. ስድስት ስለነበረች የ2016 አዲስ ዓመት የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ስለዚህ ያ ኮድ የ2016ን ቀኖች በአንድ ቀን ያዛንፋል። በየአራት ዓመቱ አንዴ፣ በአንድ ቀን ብቻ፤ እንዲህ ያለ ስህተት በጥቂት ሙከራ በቀላሉ አይገኝም። የብድር መክፈያ ቀን ላይ ሲመጣ ግን ቅጣት አለው።

ይህን ስህተት ለማግኘት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ጳጉሜን ማወቅና ኮዱን አንብቦ መረዳት። የመጀመሪያውን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል። ሁለተኛው ነው ትምህርቱ። እንግዲህ ማሽኑ ኮድ መጻፍ በመቻሉ የሚጻፈው ኮድ በዝቷል፤ የሚያነበው ሰው ደግሞ የግድ ጉዳዩን የሚያውቅ መሆን አለበት። ለደመወዝ ስሌት የሚያውቀው የሒሳብ ሠራተኛው ነው፣ ለመድኃኒት ክምችት ፋርማሲስቱ፣ ለትምህርት ቤት ውጤት መምህሩ። ጸሐፊው «ማሽኑ ይጽፈዋል» ብለው ሠራተኛውን ሲያሰናብቱ ማን እንደሚፈትሸው አልነገሩንም።

የቀረው የቅጥሩ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ አብዛኛውን እቀበላለሁ። የመጀመሪያውን ሥራ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሰርተፍኬት ደግሞ ብቻውን በር አይከፍትም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በትብብር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ በነፃ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ሰርተፍኬቱን አውጥተው በስልካቸው ይዘው የሚዞሩ፣ አንድም ፕሮግራም ለራሳቸው ያልጻፉ ሰዎች አውቃለሁ። ጸሐፊው እነዚህን ሰዎች ቢያስጠነቅቁ ትክክል ናቸው። የወር ደመወዙን ትቶ በስድስት ወር ሥልጠና ሌላ ሥራ አገኛለሁ ብሎ የተነሣ ወንድም ካለ እኔም ተው እለዋለሁ።

ነገር ግን «ካልተቀጠርክበት ምን ይጠቅማል» የሚለውን አልቀበልም። የ2017 ዓ.ም.ን ሐምሌ የሒሳብ ሠራተኞች ሁሉ ያስታውሱታል። የደመወዝ ግብሩ ተቀየረ፤ ከግብር ነፃ የሆነው ከ600 ብር ወደ 2,000 ከፍ አለ፣ እርከኖቹም ተለወጡ። 12,000 ብር የሚያገኝ ሰው 2,700 ብር ይከፍል የነበረው 2,250 ሆነ። የብዙዎቻችን ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ሰነድ) ኤክሴል ላይ ነው፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ በ«ኢፍ» («ከሆነ» በሚለው ትእዛዝ) ውስጥ «ኢፍ» እየተደረደረ የተጻፈ ፎርሙላ፣ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ፋይል ላይ የተገለበጠ። አንዱ ፋይል ሳይቀየር ከቀረ የዚያ ቅርንጫፍ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ያለ አግባብ ይቆረጥባቸዋል። እኔ እርከኖቹን በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጬ ፕሮግራሙ ከዚያ እንዲያነብ አድርጌ ስለነበር ስድስት መስመር ቀየርኩ። በማግስቱ የሁሉንም ቅርንጫፍ አሮጌና አዲስ ግብር ጎን ለጎን አውጥቼ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁ። ደመወዝ አልተጨመረልኝም፤ የተጨመረልኝ ቅዳሜዎቼ ናቸው። ሐምሌን ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር ነበርኩ።

ደግሞም ልብ በሉ፤ ያንን በ«ኢፍ» ውስጥ «ኢፍ» ያለበትን ፎርሙላ የሚጽፉ የሒሳብ ሠራተኞች በየቢሮው ሞልተዋል። «ይህ ከሆነ ያንን አድርግ፣ ካልሆነ ደግሞ ይህን ተመልከት» ማለት ፕሮግራሚንግ ነው። ሳያውቁት ለዓመታት ሲሠሩት ለኖሩ ሰዎች ነው «አትችሉም» የተባለው።

ጸሐፊው መልስ ከሰጡኝ ከልቤ አነበዋለሁ። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ያንን 2,920 ሰዓት ሥራውን መልቀቅ ለማይፈልግ ሰው እንደገና ያስሉልኝ።

ለስቶር ኪፐራችን በዚያው ቀን «የቢን ካርድሽን ፋይል ላኪልኝ» ብዬ መለስኩላት፤ የዕቃውን ገቢና ወጪ የምትመዘግብበትን ማለቴ ነው። ከ800 በላይ ዕቃ በእጅ እየመዘገበች፣ ማለቂያው የደረሰውን ዕቃ በዓይኗ እየፈለገች ነው የምትሠራው። ትናንት ላከችው። ዓምዶቹ የተዘበራረቁ ናቸው፤ ቀኑ አንዳንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዱ በፈረንጅ ነው። ነገ በምሳ ሰዓት ላፕቶፔን ይዤ ስቶር እወርዳለሁ።